ማሽኑ ሞቷል፣ መዝገቡ ግን አለ፦ በቨርቹዋል ዴስክቶፕ ውስጥ የዳይሬክተሪ ድርብ ምዝገባን ስለመከታተል

(በሐዋሳ ለተሰበሰቡ የአይሲቲ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ በጥቂቱ ብቻ የተስተካከለ)

ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣ ከይርጋለም፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔና ከወላይታ ሶዶ ድረስ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እዚሁ ሐዋሳ ሆናችሁ ያስተናገዳችሁን ሁሉ፣ እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

እስቲ በእጅ እንጀምር። እዚህ ውስጥ ቪዲአይ የምታስተዳድሩ፣ ማለትም ሰዎች ሲን ክላየንት በሚባል ቀላል መሣሪያ ገብተው ሰርቨር ላይ ያለ ዴስክቶፕ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት የያዛችሁ፣ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። እጃችሁን አታውርዱ። አሁን ደግሞ በአክቲቭ ዳይሬክተሪያችሁ፣ የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በሚመዘገቡበት መዝገብ፣ ውስጥ ስንት የኮምፒውተር አካውንት እንዳለ የምታውቁ ብቻ እጃችሁን አቆዩ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ዛሬ በሕይወት ያለ ማሽን እንደሆነ የምታውቁስ? አያችሁ? አዳራሹ ውስጥ የቀረው የሁለት ሰው እጅ ነው። ለሁለቱ አጨብጭቡላቸው፤ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ልናገር የመጣሁት ለዚህ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ድርብ ምዝገባ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ ያለውና በእውነት ያለው አንድ ለአንድ አለመግጠሙ፣ ከየት ይወለዳል? ሁለተኛ፣ ምን ያበላሻል? ሦስተኛ፣ እንዴት እንከታተለው? ሁለተኛውን አሳጥረዋለሁ፤ ጉዳቱን አብዛኞቻችሁ ቀምሳችሁታል። አንደኛው ላይ ግን እቆያለሁ። የሚወለድበትን ሳያውቁ የሚያጸዱ ሰዎች በየዓመቱ ያንኑ ቆሻሻ ሲያጸዱ አይቻለሁ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ሲመጣ የታሰበው ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተሩን ገዝታችሁ ታመጣላችሁ፣ ዶሜይን ጆይን ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ዳይሬክተሪው ላይ ታስመዘግቡታላችሁ፣ አንድ አካውንት፣ አንድ ስም፣ አንድ ኤስአይዲ የሚባል መለያ ቁጥር፣ አንድ ፓስወርድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ አምስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት ይኖራል። የቪዲአይ ማሽን ግን እንዲህ አይደለም። ቋሚ ያልሆነ ፑል፣ ማለትም የማሽኖች ስብስብ፣ ከሆነ ጠዋት ይፈጠራል፣ ማታ ይጠፋል። ማሽኑን የሚያጠፋው ሃይፐርቫይዘሩ፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ነው። መዝገቡ ያለው ደግሞ ዳይሬክተሪው ዘንድ ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ሲያጠፋ ለዳይሬክተሪው የሚነግረው ሰው ወይም ሶፍትዌር ከሌለ ምን ይሆናል? ማሽኑ ይሞታል፤ መዝገቡ ግን አይሞትም። ይህንን ደግሜ እላለሁ፦ ማሽኑ ይሞታል፤ መዝገቡ ግን አይሞትም!

ይህ የመጀመሪያው መወለጃ ነው፤ ቀላሉም እሱ ነው። የሚከብደው ቀጣዩ ነው፤ እሱ ደግሞ በተለይ የእኛ ነው።

የእኛ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ እዚህ ደቡብ የሆነ ድርጅት አስቡ። አዲስ አበባ አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም ዳይሬክተሪውን የያዘ ሰርቨር፣ አለ፣ ቅርንጫፉ ላይም አንድ አለ። ሁለቱ የሚነጋገሩት በሪፕሊኬሽን፣ መዝገባቸውን እርስ በርስ በመገልበጥ፣ ነው። በሁለት ሳይቶች መካከል ይህ ንግግር፣ ማንም ካልነካው፣ በየ180 ደቂቃው ነው የሚካሄደው። ሦስት ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ ለመንገድ ሲቆፈር ፋይበር ቢቆረጥ ደግሞ ሦስት ሰዓቱ ቀን ሙሉ ይሆናል።

እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ተጠርቼ ነበር፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም። መስመሩ ተቋርጦ ሳለ የቅርንጫፉ ልጆች ለሥልጠና አዲስ ፑል ፈጠሩ። አዲስ አበባ ያሉትም የቅርንጫፉን ፑል ለማስፋት በዚያው ቀን ማሽኖች ፈጠሩ። ሁለቱም የተጠቀሙት ያንኑ የስም አወጣጥ ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ። በየግላቸው ሁሉም ነገር ሰርቷል። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ መዝገቦች ተገናኙ። አንድ ስም፣ ሁለት አካውንት! አክቲቭ ዳይሬክተሪ እዚህ ላይ አይጣላም፣ አይጮህም። በኋላ የተጻፈው ስሙን ይዞ ይቀጥላል፤ ቀድሞ የተጻፈው ስሙ ላይ ሲኤንኤፍ የሚሉ ሦስት ፊደላትና ረጅም መለያ ቁጥር ተቀጥሎለት ይቀመጣል። የሎግ ኢን ስማቸውም ከተጋጨ አንደኛው የዶላር ምልክትና ዱፕሊኬት የሚል ቃል ይሰጠዋል። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሠልጣኞች ሲገቡ ግማሹ ስክሪን ላይ ያንን የምታውቁትን መልእክት አሳየ፦ በዚህ ኮምፒውተርና በዶሜይኑ መካከል ያለው መተማመን ፈርሷል።

የቅርንጫፉ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ አደሩ። ኢሜጁን፣ ማሽኖቹ የሚባዙበትን ናሙና፣ ቀየሩ፣ ኔትወርኩን ፈተሹ፣ ስዊቹን አስነሱ። መዝገቡን ግን ማንም አልከፈተም። ለምን ይክፈቱት? ኮንሶሉ ላይ ማሽኖቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። እንቅልፋቸውን ያጡት በሲኤንኤፍ ላይ አንዲት መስመር ፍለጋ የሚያደርግ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሌላም ልጨምርላችሁ። አዲስ አካውንት በተፈጠረ ቁጥር ሪድ የሚባል ቁጥር ይወጣል። እያንዳንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር ይህንን ቁጥር የሚቀበለው 500 500 እያደረገ፣ ሪድ ማስተር ከሚባለው አንድ ሰርቨር ነው። አካውንቱ ቢሰረዝም ቁጥሩ አይመለስም። በጠቅላላው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ስለሆነ ያልቃል ብላችሁ አትጨነቁ። ግን ሪድ ማስተሩ አዲስ አበባ ከሆነ፣ መስመሩ ደግሞ ከተቋረጠ፣ በየቀኑ ማሽን የሚፈጥረው ቅርንጫፋችሁ በእጁ ያለውን ይጨርስና አንድ አዲስ ተጠቃሚ እንኳ መመዝገብ ያቅተዋል። ፑላችሁ ባለፈው አካውንት መጠቀም ሲገባው ሁሌ አዲስ የሚፈጥር ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ወደ ስም አወጣጥ ልለፍ። የኮምፒውተር ስም በኔትባዮስ፣ በዊንዶውስ የቆየ የስም አሠራር፣ ከ15 ፊደል አያልፍም። በስክሪፕት ረጅም ስም ሰጥታችሁ፣ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ብታደርጉት፣ የሚቆረጠው ቁጥሩ ነው! ቤተ መጻሕፍት አንድ፣ ቤተ መጻሕፍት ሁለት፣ ቤተ መጻሕፍት ሦስት ያላችኋቸው ሁሉ አንድ ስም ይሆናሉ። ሁለተኛው ሲመጣ ወይ ይከለከላል፣ ወይ የመጀመሪያውን አካውንት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ሌላ ሰው በፈጠረው አካውንት ስም ጆይን ማድረግ ተከልክሏል፤ ለደኅንነት ሲባል፣ ትክክልም ነው። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ያ ክልከላ ሲመጣ የቀድሞውን አካውንት መርምረን ከማስተካከል ይልቅ ስሙ ላይ ኤ ወይም ቢ ቀጥለን ያለፍነው? በዚያ መንገድ የቀረ ስንት ባለቤት የሌለው አካውንት አለ?

የከተማችንን ስምም ተመልከቱ። በላቲን አዋሳ ብሎ የጻፈ አለ፣ ሀዋሳ ብሎ የጻፈ አለ፣ በሦስት ፊደል ብቻ ያሳጠረም አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስቱም የማሽን ስም መነሻ ሆነው አይቻለሁ፤ ሦስት አስተዳዳሪ፣ ሦስት ዘመን። በስም መነሻ ፈልጎ የሚያጸዳ ስክሪፕት ሁለቱን ሳያይ ያልፋል። እባካችሁ፣ አንድ መነሻ ምረጡ፣ ጻፉት፣ ለሚተካችሁ ሰው አስረክቡት።

የክሎን ነገርም አለ። ማስተር ኢሜጁን በሲስፕሬፕ፣ የማሽኑን ልዩ መለያዎች በሚያጠፋው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ሳያጸዱ የሚያባዙ ሰዎች አሉ። ለዓመታት የማሽን ኤስአይዲ ቢመሳሰል ግድ የለም ስንባባል ኖረናል፤ የማይክሮሶፍቱ ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውኤስአይዲ የተባለውን፣ ኤስአይዲ የሚቀይረውን፣ የራሱን መሣሪያ ሲያስቀር የተናገረውን ይዘን። አሁን ግን ያ ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ወዲህ በወጡት ማሻሻያዎች፣ በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞችና በዊንዶውስ ሰርቨር 2025 ላይ፣ ኤስአይዲያቸው የተመሳሰለ ማሽኖች እርስ በርስ ሲገናኙ ማንነት የሚያረጋግጡት ኬርቤሮስም ኤንቲኤልኤምም አይቀበላቸውም። ሲስፕሬፕ ዝለሉ ያላችሁ ሰው ካለ ይህንን ንገሩት።

ሲስፕሬፕ ሲዘለል የሚደረበው ኤስአይዲ ብቻ አይደለም። አንድ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ኬኤምኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፈቃድ አክቲቬሽን አልሠራ አለ። ኬኤምኤስ ለዴስክቶፕ ቢያንስ 25 ማሽን መቁጠር አለበት። ክፍሉ ሙሉ ማሽን አለው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ላይ ቆሟል፣ ንቅንቅ አይልም። ለምን? ማሽኖቹ ሁሉ አንድ የደንበኛ መለያ ይዘው ስለተባዙ! ለኬኤምኤስ ያ ሁሉ ማሽን አንድ ማሽን ነው። ስለዚህ ድርብ ምዝገባ ስል ሁለት መልክ እንዳለው ያዙልኝ፦ አንዱ ማሽን ብዙ ሆኖ ይመዘገባል፤ ወይም ብዙው ማሽን አንድ ሆኖ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ጉዳቱ። በፍጥነት። ሁለት አካውንት አንድ ኤስፒኤን፣ ማለትም የአገልግሎት መለያ ስም፣ ከያዙ ኬርቤሮስ ትኬቱን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም፤ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ሲስተም ሎግ ላይ ቁጥር 11 ኢቨንት ይጽፋል። ስምን ከአድራሻ ጋር በሚያገናኘው ዲኤንኤስ ላይ የትናንቱ ማሽን አድራሻ ዛሬ ለሌላ ተሰጥቶ ሳለ የትናንቱ ስም ይቆያል፤ የርቀት ድጋፍ የሚሰጠው ባለሙያ የማያውቀው ሰው ስክሪን ላይ ይገባል። ዳይሬክተሪውን እያየ የሚቆጥር የላይሰንስም ሆነ የጸረ ቫይረስ ኮንሶል የሌለ ማሽን ይቆጥራል። ለኦዲተር የምትሰጡት ቁጥር ደግሞ ውሸት ይሆናል። ይህንን ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን ብቻ ላብራራ፤ የሰው ድርብ ምዝገባን። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ነው። የበጀት መዝጊያ። ሰኔ 30 ሳይደርስ ሒሳቡ መዘጋት አለበት። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ፣ ትልቅ ሰው፣ ጠዋት ገብተው ዴስክቶፓቸውን ሲከፍቱ ባዶ ነው። የዓመቱ ሥራ የለም። «ልጄ፣ ፋይሌ በሙሉ ጠፋብኝ» ብለው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ሆኖ ነው? የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኞችን በአዲስ ዝርዝር ሲያስገባ የእሳቸውን ስም በላቲን የጻፈው ከቀድሞው በአንድ ፊደል ለይቶ ነው። እኛ አገር ፀሐይን የሚጽፈው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይጽፍም፤ በግእዙ በጸሎቱ ጸና በፀሐዩ ፀ፣ በላቲኑ ደግሞ በቲ የሚጀምር አለ፣ በኤስ የሚጀምር አለ። ስክሪፕቱ አዲስ ሰው መስሎት አዲስ አካውንት ፈጠረ፤ አይቲ ደግሞ አዲሱን የመግቢያ ስም ሰጣቸው። ኤፍኤስሎጂክስ የተጠቃሚውን ፕሮፋይል የሚያስቀምጥበት ፎልደር፣ ካልተቀየረ በቀር፣ በኤስአይዲና በተጠቃሚ ስም ነው የሚሰየመው። አዲስ አካውንት፣ አዲስ ኤስአይዲ፣ አዲስ ባዶ ፕሮፋይል። የድሮው ግን ስቶሬጁ ላይ እንዳለ ተቀምጧል፤ አንድም ፋይል አልጠፋም። የቀድሞ አካውንታቸውን ከፍተን ሲገቡ ሁሉንም አገኙት፤ ሒሳቡም በቀኑ ተዘጋ። እንዴት እንደመረቁን!

ለፋይዳ ስትመዘገቡ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ይወሰዳል፤ ስማችሁን በሌላ ፊደል ብታስጽፉ ያው ሰው መሆናችሁ ይታወቃል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ግን አሻራ አይወስድም። ፊደል ከተለየ ሰው ተለየ ነው የሚለው። ስለዚህ ከስም ሌላ የማይለወጥ መለያ ስጡት። የሠራተኛ መለያ ቁጥር የሚባለውን ቦታ በደመወዝ ቁጥር ሙሉት፤ አዲስ አካውንት ከመፈጠሩ በፊት ስክሪፕቱ ያንን ቁጥር ፈልጎ ይጣ። የፋይዳ ቁጥሩን እዚያ አስገቡት ግን አልልም። ዳይሬክተሪን ብዙ ሰው ያነበዋል፤ የሰው የግል መለያ እዚያ መቀመጥ የለበትም።

እሺ፣ ሦስተኛው፣ ዋናው። እንዴት እንከታተል?

ብዙ መሣሪያ ልጠራላችሁ እችላለሁ። ግን ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህንን ያዙ፦ ሁለቱን መዝገብ በየቀኑ አስተያዩ። ቪዲአዩን የሚያዝዘው ብሮከር፣ ሲትሪክስም ይሁን ሆራይዘን፣ ዛሬ ያለኝ ማሽን ይህ ነው የሚል ዝርዝር አለው። ዳይሬክተሪው ደግሞ ለቪዲአይ በተለየው ኦዩ፣ ማለትም የዳይሬክተሪው ክፍል፣ ውስጥ የራሱ ዝርዝር አለው። ሁለቱን በየማለዳው አውጡና አነጻጽሩ። ዳይሬክተሪው ላይ ኖሮ ብሮከሩ የማያውቀው ምንድን ነው? ብሮከሩ ላይ ኖሮ ዳይሬክተሪው የማያውቀውስ? ፓወርሼል የሚባለውን የዊንዶውስ ስክሪፕት ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ደኅና አደራችሁ። ዜሮ ካልሆነ ተጠቃሚው ከመደወሉ በፊት አወቃችሁ።

ለምን በየቀኑ? ለምን በወር አይሆንም? ምክንያቱም የቪዲአይ ማሽን ዕድሜው የቀናት ነው። በወር የሚደረግ ቆጠራ የሚያገኘው አስከሬን ብቻ ነው፤ ማን እንደፈጠረው፣ ለምን እንደፈጠረው የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ሴኩሪቲ ሎጉም እስከዚያ ተደርቦበታል። በማግስቱ ከሆነ ግን 4741 የሚለውን ኢቨንት ትከፍታላችሁ፤ የኮምፒውተር አካውንት በተፈጠረ ቁጥር የሚጻፈው እሱ ነው። ማን ፈጠረ፣ መቼ ፈጠረ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 4743 ደግሞ ሲሰረዝ የሚጻፈው ነው። የ4741 ቁጥር እያደገ 4743 ካልተከተለው፣ እየወለዳችሁ አትቀብሩም ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ፍለጋ ጨምሩ፦ ስማቸው ውስጥ ሲኤንኤፍ ያለባቸውን አካውንቶች መፈለግ፣ እና ሴትኤስፒኤን የሚለውን ትእዛዝ በኤክስ ምልክቱ ማስኬድ፤ ይህ የተደረበ ኤስፒኤን ካለ ይዘረዝርላችኋል። ሁለቱም ማንበብ ብቻ ናቸው፤ ምንም አይነኩም፣ አትፍሯቸው።

አሁን ጥንቃቄ። ብዙ ሰው የሞተውን አካውንት ከሕያው የሚለየው በመጨረሻ የገባበትን ቀን በማየት ነው። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ላስት ሎጎን ታይምስታምፕ የሚባለው መረጃ ወደ ሌሎቹ ዶሜይን ኮንትሮለሮች እንዲዛመት ሆን ተብሎ በዝግታ ነው የሚታደሰው፤ እስከ 14 ቀን ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ዛሬ ጠዋት የገባ ማሽን ከ10 ቀን በፊት ገባ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ የማሽን ፓስወርድ በተለመደው አሠራር በየ30 ቀኑ ይታደሳል፤ ስለዚህ ፓስወርዱ ያረጀ ማሽን ሞቷል ብለን እንፈርዳለን። ነገር ግን ቋሚ ባልሆነ ፑል ውስጥ ማሽኑ ወደ ነበረበት ሲመለስ መተማመኑ እንዳይፈርስ ብለው የፓስወርድ እድሳቱን ኢሜጁ ላይ የዘጉ ብዙዎች ናቸው። እዚያ ፑል ውስጥ ያረጀ ፓስወርድ ምንም አያስረዳም! በዚህ መለኪያ ብታጸዱ ተማሪ እየተፈተነበት ያለውን ማሽን አካውንት ትሰርዛላችሁ። ለዚህ ነው ምስክሩ ብሮከሩ ይሁን የምለው።

ስትሰርዙም ቶሎ አትሰርዙ። መጀመሪያ አካውንቱን ዝጉት፣ ወደ ሌላ ኦዩ አዛውሩት፣ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፣ የጠየቀ ሰው ከሌለ ያኔ ይሰረዝ። የዳይሬክተሪው ሪሳይክል ቢን፣ የተሰረዘ የሚመለስበት፣ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ራሳችሁ ካልከፈታችሁት ዝግ ነው። ስንቶቻችሁ ከፍታችሁታል? ዛሬ ከሰዓት ከፍታችሁ እደሩ፤ የተሰረዘው አካውንት በተለመደው አሠራር ለ180 ቀን ሙሉ ንብረቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ዲኤንኤስ ላይ፣ ስካቬንጂንግ የሚባለውን ማጽጃ ክፈቱ፤ እሱም ካልከፈቱት ዝግ ነው። ስትከፍቱት የሚሰጣችሁ ሁለት የመጠበቂያ ጊዜ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ቀን፣ ነው፤ በየቀኑ ለሚለወጥ ፑል ይህ ረጅም ነው። አድራሻ ከሚያድለው ዲኤችሲፒ የሊዝ ጊዜያችሁ ጋር አስማሙት።

ማሽኖቻችሁን ከኤንትራ አይዲ፣ ከማይክሮሶፍት የዳመና ዳይሬክተሪ፣ ጋር በሃይብሪድ ያገናኛችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ኢሜጁን ስናፕሾት ከማንሳታችሁ በፊት ምዝገባውን አስለቅቁት፤ ዲኤስሬግሲኤምዲ በሚለው ትእዛዝ፣ ሊቭ የሚለውን ጨምራችሁ። ያለዚያ የአንዱን መሣሪያ ማንነት ለሁሉም ታወርሳላችሁ። ቋሚ ላልሆኑት የተለየ የስም መነሻ ስጧቸው፤ በዳመናው ላይም ቅሪቱን በቶሎ ለማጽዳት መያዣ የሚሆናችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር ለኃላፊዎች። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ዳይሬክተሮች አላችሁ፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። ይህ ሥራ ሪፖርት ላይ አይታይም። ምንም ያልተፈጠረበት ጠዋት ምን ብሎ ሪፖርት ይደረጋል? ስለዚህ ባለሙያው በየቀኑ መዝገቡን የሚያይበት ግማሽ ሰዓት በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍለት። ስም ያለው ሥራ ይሁን፤ ባለቤት ይኑረው። የቪዲአዩ ሰውና የዳይሬክተሪው ሰው የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ፣ በብዙ ቦታ የተለያዩ ናቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ዝርዝር አብረው ይዩ። ቅድም የነገርኳችሁ ቅርንጫፍ ውስጥ ሁለቱ ቡድኖች በስልክ ቢነጋገሩ ኖሮ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር።

ሁለቱን ዝርዝር የሚያነጻጽረውን ስክሪፕት አዘጋጅቼ ይዤዋለሁ፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አይሰርዝም። ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደዚህ ወደ ግራ በኩል ኑ፤ በራሳችሁ የኦዩ ስም አስተካክለን አብረን እናስኬደዋለን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፤ ቅድም እጃቸውን ያላወረዱት ሁለቱ ቢጀምሩልን ደስ ይለኛል፤ በየመሥሪያ ቤታቸው እንዴት እንደሚያደርጉት ይንገሩን። ማይክሮፎኑን ለእህታችን አቀብሉልኝ።